ብፌ ቁጥር 4471

የጋራ ሳሎን ተራ ለአንድ ቤተሰብ ሁለት ሰዓት ነው። አንዱ ቤተሰብ እንግዶቹን ሸኝቶ በአንዱ በር ከወጣ በኋላ፣ ቀጣዩ በሌላው በር እስኪገባ አርባ ደቂቃ አለን። በዚያ አርባ ደቂቃ ውስጥ ግድግዳው ይለወጣል፣ ሶፋው ይለወጣል፣ የምረቃ ፎቶዎቹ ወርደው የሌላ ሰው ምረቃ ይሰቀላል። ከጓዳ በኩል የሚመጣው የቁሌት ሽታ ሳይቀር ይለወጣል፤ ጾመኛ ቤት ከሆነ የዘይት፣ ካልሆነ የቅቤ።

ፈቃዳችን ላይ የሚጻፈው «የውስጥ ዲዛይን ባለሙያ» ነው። ሰው ግን ሳሎን አልባሽ ነው የሚለን፣ እኛም እርስ በርሳችን የምንባባለው እንደዚያው ነው። ሥራው ከውጭ ሲያዩት ቀላል ይመስላል። አዲስ ማስመሰልማ ማንም ይችላል፤ ሙያው የተኖረበት ማስመሰል ነው። አባወራው የሚቀመጥበት የሶፋ ጥግ ትንሽ መስመጥ አለበት። በሩ አጠገብ ያለው ምንጣፍ መሳሳት አለበት። ከስድስቱ ብርጭቆ አንዱ ከሌሎቹ መለየት አለበት፤ እውነተኛ ቤት ውስጥ አንዱ ሳይሰበር አይቀርማ። የእያንዳንዱን ዕቃ ወግም የምንጽፈው እኛ ነን፤ ይህ ከማን እንደተወረሰ፣ ያኛው በማን ሠርግ እንደተሰጠ። ወጉ ለቤተሰቡ ከሁለት ቀን በፊት ይደርሰዋል፣ ተቀምጦ ያጠናዋል።

እንግዶች ሲገቡ «ቤት ለእንቦሳ!» ይላሉ፤ ባለቤቶቹ «እንቦሳ እሰሩ!» ብለው ይመልሳሉ። ድሮ ይህ የሚባለው አዲስ ቤት ለገባ ሰው ብቻ ነበር አሉ። አሁን በየተራው ይባላል። እንግዳው ባለፈው ሳምንት እዚሁ ወለል ላይ የራሱን እንግዶች ተቀብሏል። ያውቃል፤ እንደሚያውቅም ይታወቃል። ግን «ይቺን ምንጣፍ እስካሁን አልቀየራችኋትም?» ይላል፣ ባለቤቲቱም «የእናቴ አይደለች እንዴ፣ እንዴት ብዬ!» ትላለች። አንድም ሰው፣ አንድም ቀን፣ «ይሄ እኮ የጋራ ነው» ሲል ሰምቼ አላውቅም። ይሉኝታ ባይኖር ሥራችን አንድ ሳምንት አይቆይም ነበር።

እኔ ሄራን እባላለሁ፤ ሄራን ኪሩቤል። ሃያ ሰባት ዓመቴ ነው። ሳሎን ከሰው ቤት የወጣው እኔ በተወለድኩበት ሰሞን ነው። ያኔ አዲሱ የቤቶች ፕላን ወጣና መኖሪያ ሁሉ አሥራ አራት ካሬ ክፍል ሆነ፤ ለእንግዳ መቀበያ በየሕንፃው ሦስተኛ ፎቅ ላይ አንድ ሳሎን ተሠራ። አባቴ አናጢ ነበር። ለሠርጉ ብሎ ከዋንዛ አንድ ብፌ ሠርቶ ነበር፤ ከላይ አራት ባለመስታወት በር፣ ከታች ሦስት ሰፋፊ መሳቢያ ያለው። ዕጣ የደረሳቸውን ቤት ሳሎኑን ለክቶ፣ ለዚያ ግድግዳ ብሎ ነው የሠራው። ቁልፉን ሲረከቡ ሳሎኑ የለም።

ብፌው ክፍላችን ውስጥ፣ በአልጋውና በበሩ መካከል ቆመ። የቆየ ዕቃ ነው ተብሎ ልዩ ፈቃድ ተሰጠው። ከዚያ ወዲህ እኛ ቤት ማንም ሰው ፊቱን ቀጥ አድርጎ አልተራመደም፤ ከአልጋ ወደ በር የሚኬደው በጎን ነው፣ ሆድን ስብስብ አድርጎ። እኔ የአምስት ዓመት ልጅ ሆኜ እናቴ ስትሞት የለቀስተኛው ወንበር አልገባ ብሎ ሰው ኮሪደር ላይ ተቀመጠ። መካከለኛው መሳቢያ ጠረጴዛዬ ነበር። ሳብ አድርጌ ጣውላ አስቀምጥበትና የቤት ሥራዬን እሠራለሁ። ያ መሳቢያ ይይዛል፤ ከሥር በጉልበት ደገፍ አድርገው ወደ ግራ ከፍ ካላደረጉት አይከፈትም። የክፍሌ ልጆች አንዴ መጥተው አይተው «ብፌ ውስጥ የምትተኛዋ» አሉኝ። እስከ ስምንተኛ ክፍል ስሜ ይኸው ሆኖ ቀረ።

ከዚያ በኋላ ሰው ወደ ቤት አምጥቼ አላውቅም።

ማዕዘን የሚባለው ድርጅት ለሥራ ሲጠራኝ፣ የመጀመሪያው ጥያቄ ለሁሉም አመልካች የሚቀርበው ነበር። አለቃችን እትዬ ሶልያና መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው «ያደግሽበት ሳሎን ምን ይመስል ነበር?» አሉኝ። እርግጥ እኔ ባደግኩበት ዘመን የግል ሳሎን የቀራቸው ጥቂት ባለ ትልቅ ቤት ሰዎች ናቸው። ድርጅቱም የሚፈልገው የእነሱን ልጆች ነበር።

የስምንት ዓመት ልጅ ሳለሁ አባቴ የአንድ ትልቅ ቤት ጠረጴዛ እግሩ ተሰብሮ ሊጠግን ሲሄድ ይዞኝ ሄዶ ነበር። እኩያዬ የሆነች ልጅ ብስኩት በሳህን አመጣችልኝ። ጫማዬን አውልቄ የሶፋ ጠርዝ ላይ ተቀምጬ፣ አባቴ ተንበርክኮ እስኪጨርስ ያንን ሳሎን በዓይኔ በላሁት። ፈዛዛ አረንጓዴ ግድግዳ፣ በቴሌቪዥኑ ላይ ነጭ ዳንቴል፣ በመስኮቱ በኩል የሚገባ የከሰዓት ፀሐይ። ለእትዬ ሶልያና የነገርኳቸው ያንን ነው። አንድም ነገር አልረሳሁም፤ የተንበረከከውን ሰውዬ ብቻ አወጣሁት።

«አባትሽ ምንድን ናቸው?» አሉኝ።

«አርክቴክት።»

«አሁን የት ይሠራሉ?»

በሕይወት ያለ አርክቴክት መዝገብ ላይ ይፈለጋል፤ የሞተ ማንም አይፈልገውም። «አርፏል» አልኩ።

«ነፍስ ይማር» አሉኝ ከልባቸው አዝነው።

«አሜን» አልኩ። ሰኞ ሥራ ጀመርኩ።

ሦስት ዓመት በረዳትነት ሠራሁ፤ የምኖረውም በራሴ ክፍል ሆነ። አባቴ በሕንፃው ሊፍት የሚሳፈረውን ሁሉ እያስቆመ «ልጄ እኮ ዲዛይነር ናት» ይል ነበር። አንድ ቀን ሥራ ቦታሽን አሳዪኝ ሲለኝ እድሳት ላይ ነን አልኩት። ሌላ ቀን ሲለኝ ለውጭ ሰው አይፈቀድም አልኩት። ሦስተኛ አልጠየቀኝም።

የሙሉ ባለሙያ ፈቃድ የሚሰጠው በምዘና ነው። ተመዛኙ ለአንድ እውነተኛ ደንበኛ ሳሎን ያለብሳል፤ መዛኞቹ እንግዳ ሆነው ገብተው ይቀመጣሉ። ደንበኛው ደግሞ ቢያንስ አንድ ነባር ዕቃ ማምጣት አለበት። ነባር የሚባለው በሰው እጅ የተሠራ፣ በሰው ቤት ያረጀ ነው። እንዲህ ያለ ዕቃ ያለው ሰው እንደ ልብ አይገኝም። ለምዘናው ሦስት ሳምንት ሲቀረኝ ሁለት ደንበኛ ተሰረዘብኝ። በዚህኛው ዙር ካላለፍኩ ደግሞ ከአራት ዓመት በኋላ ነው ተራው የሚመለሰው፤ ድርጅቱም የወደቀ ረዳት አያስቀምጥም። ቅዳሜ አባቴ ጋ ምሳ ስበላ ይህንኑ እየተነጫነጭኩ አወራሁለት። እሱ ወጥ እየጨለፈልኝ ሰማኝ።

ማክሰኞ ዕለት አዲስ የደንበኛ ቅጽ ደረሰኝ። ስም፦ ኪሩቤል ወልደሰንበት። ዕድሜ፦ ሰባ። ነባር ዕቃ፦ ብፌ፣ ዋንዛ።

ከሥራ እንደወጣሁ በቀጥታ እሱ ጋ ሄድኩ። የብፌውን መስታወት በእርጥብ ጨርቅ እየወለወለ ነበር።

«አባዬ፣ ምን ሆነህ ነው?»

«ምን ሆንኩ? ደንበኛ ጠፋ አላልሽም? ይኸው ተገኘ።»

«አንተ አትሆንም።»

«ለምን? ብፌ የለኝም? ሰው አይደለሁም?»

«መሥሪያ ቤት ሌላ ነገር ነው የነገርኳቸው።»

«ምን አልሻቸው?»

በሩን ይዤ ቆምኩ። ለመሸሽ እንኳ በጎን ነው የሚወጣው። «ሞቷል ብያቸዋለሁ።»

«ማን?»

«አንተ።»

መወልወሉን አላቆመም። ያንኑ አንድ መስታወት ሦስት ጊዜ ወለወለው። «መቼ?» አለ።

«ሲቀጥሩኝ።»

«በምን ሞትኩ?»

«አልጠየቁኝም።»

«እንኳን አልጠየቁሽ። ብዙ አልታመምኩም ማለት ነው» ብሎ ሳቀ። አባቴ ሲከፋው እንደዚህ ነው፤ ይቀልዳል። ጨርቁን ጨምቆ ዘረጋና «እሺ፣ ታዲያ ችግሩ የቱ ጋ ነው? አላውቅሽም፣ አታውቂኝም። ይሄ ደግሞ» አለና ብፌውን በመዳፉ መታ መታ አደረገው፣ «ሠላሳ ዓመት ሳሎን እገባለሁ ብሎ ቆሞ ጠበቀ። አንድ ቀን ይግባ እንጂ ሄሩ።»

ያን ጊዜ እምቢ ማለት ነበረብኝ። ሌላ ደንበኛ ባጣም፣ ሥራዬንም ባጣ፣ እምቢ ማለት ነበረብኝ። ያልኩት ግን «እዚያ አንቱ ነው የምልህ፣ እንዳትደነግጥ» ነው። እሱም «አንቱ መባል ማን ይጠላል» አለ። ስለ ደንቡ አልነገርኩትም። አንዴ ሳሎን የገባ ነባር ዕቃ ልዩ ፈቃዱ ይሰረዛል፣ ወደ ጋራ ክምችት ይገባል፣ ወደ ክፍል አይመለስም። ለማንኛውም ደንበኛ አስቀድሜ የምነግረው ይህንን ነው። ለእሱ ግን ደፍሬ አልነገርኩትም፤ ከነገርኩት እምቢ እንዳይል ፈራሁ።

በምዘናው ቀን ብፌውን አራት ሰዎች ተሸክመው አስገቡት። ሳሎኑን ያለበስኩት ያንን የልጅነቴን ሳሎን ነው፤ ፈዛዛ አረንጓዴውን፣ ዳንቴሉን፣ የከሰዓት ፀሐይዋን። ብፌው ግድግዳው ላይ ሲደገፍ ለካ ትንሽ ኖሯል። ክፍላችን ውስጥ እንደ ተራራ የሚገተረው ዕቃ፣ ቦታ ሲያገኝ ልከኛ፣ ጨዋ ሆኖ ቆመ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የበዛው እሱ እንዳልነበረ፣ ያነሰው ቤታችን እንደነበረ፣ ያኔ ነው ያየሁት።

አባቴ ኮት ለብሶ፣ ጺሙን ተላጭቶ መጣ። ሦስቱ መዛኞች ሲገቡ መሪያቸው አቶ ያፌት «ቤት ለእንቦሳ!» አሉ። አባቴ በዕድሜው ሙሉ ሲባል የሰማው፣ ሰው ቤት ሄዶም ብዙ ጊዜ ያለው ነገር ነው፤ ለእሱ ሲባል ግን የመጀመሪያው ነበር።

«እንቦሳ እሰሩ!» አለ፣ ድምፁ ሰለል ብሎ።

ቀጥሎ እኔ ቅጹን ጮክ ብዬ ማንበብ ነበረብኝ። አነበብኩ። «ዕቃው ከዛሬ ጀምሮ የጋራ ክምችት ንብረት ይሆናል። ወደ ክፍልዎ አይመለስም። ተስማምተዋል?»

አባቴ ቀና ብሎ አየኝ። ረጅም አልነበረም፤ ምናልባት ትንፋሽ ተስቦ እስኪወጣ ያህል ነው።

«ጥያቄ ካለዎት…» አልኩ።

«የለኝም፣ ባለሙያ። ተስማምቻለሁ» ብሎ አውራ ጣቱን አሳረፈ።

ባለሙያ ይለኝ ነበር። ከበር ጀምሮ እስኪወጣ ባለሙያ። የኔ ልጅ ቢለኝ እኮ ማንም አይጠረጥርም ነበር፤ በሰባ ዓመቱ ያለ ሰው ለማንኛዋም ወጣት የኔ ልጅ ይላል። እሱ ግን እንዳያሳጣኝ ፈርቶ፣ ለማንም የሚባለውን ቃል እንኳ ከአፉ ከለከለው።

አቶ ያፌት ቅጹን ሲያገላብጡ ፈገግ አሉ። «ደንበኛሽ ካባትሽ ጋር ሞክሼ ናቸው።»

«አዎ፣ በእነሱ ዘመን ኪሩቤል ብዙ ነው» አልኩ።

«አርክቴክቱ አባትሽ አርፈዋል አይደል?»

«አዎ።»

ከሶፋው ጥግ፣ እኔ ራሴ እንዲሰምጥ ካደረግኩት ቦታ፣ አባቴ «ነፍስ ይማር፣ ባለሙያ» አለኝ።

ከመዛኞቹ አንዷ ብፌውን አድንቃ «ለልጅ ልጅ የሚተላለፍ ነው። ልጆች አሉዎት?» አለችው።

«የለኝም» አለ አባቴ። ከዚያ አንድ የዳንቴሉን ጠርዝ በጣቱ አስተካከለና «እሷ ግን ጥሩ ሠርታለች። ቤቴ መሰለኝ» አለ።

አለፍኩ። ከዙሩ አንደኛ ነበርኩ። እትዬ ሶልያና ባልደረቦቼን ሰብስበው «እንዲህ ያለው ነገር አይማሩትም፤ ያደገችበት ሳሎን ነው» አሉ። ተጨበጨበ። እኔም ጎንበስ ብዬ አመሰገንኩ። ፊቴ ይቃጠል ነበር፤ እነሱ ትሕትና መስሏቸው ይበልጥ አጨበጨቡ።

ብፌው በክምችት መዝገብ 4471 ሆነ።

አባቴ ጋ ስሄድ ክፍሉ ባዶ ሆኖ ጠበቀኝ። አልጋውን ወደ መካከል መግፋት፣ አንዲት ወንበር መጨመር ይችል ነበር። አልነካውም። ወለሉ ላይ የብፌው አራት እግር የቆመበት ምልክት እንዳለ ነው። «ለምን ሰፋ አድርገህ አትኖርም?» አልኩት። «ለምጄው ነው» አለኝ። ስለ ቅጹ አንድም ቃል አላነሳም። ቢቆጣኝ፣ ቢሰድበኝ ምንኛ ባረፍኩ። ወጥ ጨለፈልኝ።

ከስድስት ወር በኋላ ኤልዳና የምትባል ልጅ ሽማግሌ ሊመጣላት ነው ተብሎ ሥራው ለእኔ ደረሰ። አባቷ ከሁለት ዓመት በፊት የአውቶቡስ ተቆጣጣሪ ሳሉ ሞተዋል፤ ያሉት እናቷ ወይዘሮ ፌቨንና አንድ አጎቷ ናቸው። ሊያገባት የሚፈልገው ልጅ ወገኖች ጥንቁቅ ናቸው፣ ቤት ያያሉ ተብሎ ስለተፈራ ወይዘሮ ፌቨን ነባር ዕቃ እንዲገባ ለመኑኝ። ለክምችቱ ጥያቄ ላክሁ። ዕቃውን የሚመርጠው መዝገቡ ነው። 4471ን ላከልኝ።

ልመልሰው እችል ነበር። የመለኪያ ስሕተት ነው ብል ሌላ ይመጣል። ግን ላየው ፈለግኩ መሰለኝ። ቁጭ ብዬም ወጉን ጻፍኩ። «የኤልዳና አባት ለሠርጋቸው በእጃቸው የሠሩት ነው።» የሞተ ሰው አይጠየቅም፤ ይህን ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ የለም።

ኤልዳና ወጉን በአንድ ቀን አጠናችው። ልምምድ ላይ አንዴ ካለችው በኋላ፣ «አባቴ እንኳን ብፌ ሊሠራ፣ ሚስማር መምታት አይችልም ነበር» አለችኝ እየሳቀች፣ ዓይኗን በመዳፏ እየጠረገች። «ግን ቢችል ይሠራልኝ ነበር።»

ሽማግሌዎቹ ሦስት ነበሩ። እኛ አልባሾች እንግዳ ፊት አንታይም፤ ከጓዳው በር ጀርባ ሆነን በስንጥቅ እናያለን። ገቡ፣ ቤት ለእንቦሳ ተባለ፣ ተቀመጡ ተባለ፣ ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም ብለው ቆሙ። ወጉ እንደዚያ ነው። ሁሉም ደህና እየሄደ ነበር። ከዚያ መካከለኛው ሽማግሌ፣ ጋሽ ዳግማዊ ይሏቸዋል፣ ቆመው ባሉበት ዓይናቸው ብፌው ላይ አረፈ። ንግግራቸውን ተዉት።

«ይሄ ዋንዛ ነው» አሉ ቀርበው። «ስንት ዘመኔ ዋንዛ ካየሁ! ማን ሠራው?»

ኤልዳና መጠጥ የያዘ ትሪዋን እንደያዘች «አባቴ ናቸው። በእጃቸው» አለች።

እኔ ልለው ያቃተኝን ቃል፣ እኔው በጻፍኩላት ወረቀት፣ ቀና ብላ አለችው።

ጋሽ ዳግማዊ መዳፋቸውን በእንጨቱ ላይ አሳለፉ። «እኔም በወጣትነቴ አናጢ ነበርኩ፣ የኔ ልጅ። የሰው ሥራ የሚታወቀው መሳቢያው ላይ ነው። እስቲ መካከለኛውን ክፈችልኝ።»

ትሪውን አስቀመጠችና ሳበችው። አልተከፈተም። ደግማ ሳበች። ከላይ መስታወቶቹ ተንቀጫቀጩ። ፈገግታዋ ፊቷ ላይ ደርቆ ቀረ። እናቷ ወለሉን አዩ። ሽማግሌዎቹም አፈሩ፤ አንዱ ወደ መስኮቱ ዞሮ ያልነበረ ነገር ማየት ጀመረ። ባደገችበት ቤት፣ አባቷ የሠሩትን መሳቢያ መክፈት ያልቻለች ልጅ! ማንም ምንም አይልም፤ ግን ሁሉም አይቷል፣ የታየውንም ተመልሶ አላየሁም ማለት አይቻልም። ያቺ ልጅ ልትድን የምትችለው በአንድ ሰው ብቻ ነበር።

ሽርጥ ታጥቄ ወጣሁ። «ይቅርታ፣ እሱ ይይዛል» አልኩና በጉልበቴ ከሥር ደግፌ ወደ ግራ ከፍ አደረግኩት። ወለል ብሎ ተከፈተ። የውስጡ ሽታ ፊቴን መታኝ፤ ዋንዛ፣ እርሳስ፣ የልጅነቴ ክፍል።

ጋሽ ዳግማዊ የመሳቢያውን ጥግ፣ ጥርስ በጥርስ የተጋጠመውን ቦታ በጣታቸው ዳሰሱ። «እንዲህ ያለ እጅ!» አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺስ ማነሽ የኔ ልጅ?»

«የቤቱ ሠራተኛ ነኝ።»

«ይህን ማን አሳየሽ?»

አባቴ ማለት ነበረብኝ። አባቴ ኪሩቤል ወልደሰንበት፣ በሕይወት አለ፣ ብሎክ አሥራ ዘጠኝ፣ ክፍል ስድስት። ኤልዳና አየችኝ። ሙሽራ ሊያደርጓት የመጡ ሰዎች ፊት ቆማ ነበር።

«የቤቱ ጌታ ናቸው ያሳዩኝ» አልኩ። «ነፍሳቸውን ይማርና።»

«ነፍስ ይማር» አሉ ሦስቱም ባንድ ድምፅ። ወይዘሮ ፌቨን እውነተኛ እንባ አለቀሱ።

ጋሽ ዳግማዊ ጎንበስ ብለው ወደ መሳቢያው ውስጥ ተመለከቱ። «የቀለም ነጠብጣብ አለበት። ልጅ ጽፎበታል ልበል?»

«እኔ ነኝ» አለች ኤልዳና። «የቤት ሥራዬን እዚህ ላይ ነበር የምሠራው።»

ያንን እኔ አልጻፍኩላትም። ከየት እንዳመጣችው አላውቅም። ትሪዋን ይዛ በብፌው አጠገብ ስትቆም፣ ቤቷ ነበር፤ እኔ ወደ ጓዳዬ ተመለስኩ። ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ፣ ጉዳዩ እሺ ተባለ። ሁለት ሰዓቱ ሲሞላ ኤልዳና በጓዳው በር ገብታ አቅፋኝ «ከጉድ አወጣሽኝ፣ እህቴ» አለችኝ።

ከዚያ በቀጥታ አባቴ ጋ ሄድኩ። ልነግረው ነበር የሄድኩት። መንገዱን ሙሉ ንግግሬን አዘጋጅቻለሁ፤ ይቅርታ በለኝ፣ ዛሬም ደገምኩት፣ ልል። አልጋው ላይ ተቀምጦ ነበር፤ እኔ ከእግሩ ሥር በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ።

«ዛሬ በብፌው ሳሎን አለበስኩ» አልኩት።

ፊቱ በራ። «እውነትሽን ነው? የት? ለማን?»

«ለሽምግልና። ልጅቷ እሺ ተባለላት።»

«ለሽምግልና!» አለ። «ሠላሳ ዓመት ቢጠብቅ ለቁም ነገር ነው። መሳቢያውስ፣ አሁንም ይይዛል?»

«ይይዛል። አንድ ሽማግሌ ክፈቱልኝ አሉ፣ እኔ ከፈትኩላቸው። አናጢ ነበሩ። ጥርሱን እየዳሰሱ ‹እንዲህ ያለ እጅ› አሉ።»

አባቴ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ አያቸው። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ መልሱን እየፈራ ጠየቀኝ። «ማን አሳየሽ አላሉሽም?»

«አሉኝ።»

«ምን አልሽ?»

አየሁት። ያዘጋጀሁት ንግግር ሁሉ ጠፋብኝ። ሰውዬው የሚጠይቀኝ አንዲት ቃል ብቻ ነበር።

«አባቴ ነው አልኳቸው።»

«አልሻቸው?»

«አዎ። አባቴ ነው የሠራው፣ እሱ ነው ያሳየኝ አልኳቸው።»

«ስሜንስ?»

«ስምህንም።»

አባቴ ሳቀ። ያኔ ብፌውን እየወለወለ የሳቀው ዓይነት አልነበረም፤ እስኪያስለው ድረስ፣ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። «እንግዲያው ከሞት ተነሣሁ በይኛ!» አለ። ራሴን በመዳፉ ይዞ ነቅነቅ አደረገኝ። «የኔ ልጅ» አለኝ። «የኔ ልጅ።»

እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም። መሥሪያ ቤት ስዋሽ ለእንጀራዬ ነው እል ነበር፤ ሽማግሌዎቹ ፊት ስዋሽ ለልጅቷ ብዬ ነው እል ነበር። ይህኛውን ለማን ብዬ እንደዋሸሁ ለራሴም መንገር አልቻልኩም፤ ደስ ያለው ግን በዚህኛው ነው።

«ቆይ፣ ወጥ ላሙቅልሽ» ብሎ ተነሣ። ከአልጋው በሩ አጠገብ ወዳለው ምድጃ ሲሄድ፣ ብፌው ይቆምበት የነበረው ባዶ ቦታ ጋ ሲደርስ፣ ሆዱን ስብስብ አድርጎ በጎን አለፈ። እኔም ልረዳው ተነሥቼ ተከተልኩት፤ በጎን አለፍኩ።